አንድ ስንዝር ተኩል

አንድ በያጅ ነበረ፤ ደምሰው ይባላል። እጁ ያረፈበት ቁርጥራጭ ብረት ነፍስ ይዘራል እየተባለ ይወራለት ነበር፤ ወሬው ደግሞ ውሸት አልነበረም። በሚኖርባት ትንሽ ከተማ ለልጆች የሚሆን አንድም መጫወቻ ስላልነበረ፣ ሽማግሌዎቹ ከወንዙ ዳር ያለውን ባዶ ቦታ አጥረው ፓርክ ሊያደርጉት ሲወስኑ መጀመሪያ ያስጠሩት እሱን ነው። ዥዋዥዌውን ሠራ፣ ሸርተቴውን ሠራ፤ በመጨረሻም በክብ ሐዲድ ላይ የምትዞር ትንሽ ቀይ ባቡር ሠራ። ባቡሯ ዙሯን ልትጨርስ ስትል በአንዲት ዝቅ ያለች የላሜራ ዋሻ ውስጥ ታልፋለች። ፓርኩን ያሳመረችው እሷ ነበረች።

ያኔ ልጁ ትርሲት አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ምሳ ስታደርስለት አብራ ትመጣና ገና ቀለም ያልተቀባችውን ባቡር እየዳበሰች፣ "አባዬ፣ እኔ መቼ ነው የምሳፈረው?" ትለዋለች።

"መጀመሪያ የምትሳፈሪው አንቺ ነሽ። እኔ ራሴ ነኝ አቅፌ የማስገባሽ" ይላታል።

ዋሻው ሲያልቅ ደምሰው ከመግቢያው አጠገብ የቁመት መለኪያ ብረት ተከለና ቀይ መስመር አሰመረበት። ከዚያ መስመር የሚበልጥ ልጅ ከተሳፈረ የዋሻው ጠርዝ ግንባሩን ይመታዋል። ትርሲትን ብረቱ ሥር አቆማትና ከአናቷ እስከ መስመሩ ያለውን በእጁ ለካ። አንድ ስንዝር ተኩል ሆነ።

"ገና ነሽ" አላት እየሳቀ። "ይህን እስክትሞይው ባቡሯ ታረጃለች።"

በሩን እንዲጠብቁ ለተቀጠሩት ለእትዬ የሺመቤትም እንዲህ ሲል አደራ ሰጣቸው፦ "ከመስመሩ ያለፈ ልጅ እንዳያሳፍሩ። ሰው ቢለምንዎት፣ ቢቆጣዎት፣ የእኔ የራሴ ልጅ እንኳ ብትሆን እንዳይሰሙ።" እሳቸውም እሺ አሉት። እሺ ካሉ እሺ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሴት ነበሩ።

ፓርኩ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው የባቡሯ ወሬ ጎረቤት ከተማ ደረሰና ደምሰውን ለእኛም ሥራልን ብለው ወሰዱት። በመክፈቻው ቀን አልነበረም። እናቷ "ነይ እኔ ልውሰድሽ" ብትላት ትርሲት፣ "ከአባዬ ጋር ነው የምሄደው" ብላ እምቢ አለች። ደምሰው ሲመለስ "ለገና" አላት። በበዓል ሰው ሁሉ ሥራ ይፈታል፤ የመጫወቻ በያጅ ሥራ ግን የሚበዛው ልክ በበዓል ነው። በገና ዋዜማ የአንዱ ከተማ ባቡር ከሐዲድ ወጣ ተብሎ ተጠራ። "ለፋሲካ" አላት። በፋሲካ ሌላ ሰው ጠራው። ልጅቷ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንም ሳይነግራት ገብታ ቀሚሱን ታወልቅና አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች። እናቷ በየዓመቱ የቀሚሱን ጫፍ እየፈታች ታስረዝመዋለች። ደምሰው የሐዲድ ርዝመት በዓይኑ የሚለካ ሰው ነው፤ ይህን ግን አላየም።

ክፉ አባት ነበር ብላችሁ እንዳትደመድሙ። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ከወጣበት ባዶ እጁን አይመለስም። ሚስቱ ስትወቅሰው "ለማን ብዬ ነው የምለፋው? ለእናንተ ብዬ አይደል?" ይላል። ይህችን ቃል ብሎ የማያውቅ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ።

ነገ ዛሬ ሲል አምስት ዓመት አለፈ። በአምስተኛው ዓመት በእንቁጣጣሽ ዕለት ማንም አልጠራውም። ትርሲትንና ፓርኩ በተከፈተ ዓመት የተወለደውን ወንድሟን ያፌትን አስከትሎ ወጣ። ትርሲት መንገድ ላይ ዝም አላለችም። ከጓደኞቿ ሰምታ ሁሉን ታውቀዋለች፤ መጨረሻው ፉርጎ ላይ መቀመጥ እንደሚሻል፣ ዋሻው ውስጥ ሲገባ መጮህ እንዳለበት ለወንድሟ ታስረዳዋለች። አንድ እጇ የአባቷን ጣት ጨብጧል። ደምሰውም በሕይወቱ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎት አያውቅም።

መግቢያው ላይ ያፌት ከመስመሩ በታች ቆሞ አለፈ። ከዚያ ትርሲት ጀርባዋን ለብረቱ ሰጥታ ቆመች። እትዬ የሺመቤት እሷን አዩ፣ መስመሩን አዩ፣ ከዚያ ደምሰውን አዩት።

"ልጅቷ መስመሩን አልፋለች" አሉት ቀስ ብለው።

"ኧረ እትዬ፣ ሁለት ጣት እኮ ናት!"

"ሁለት ጣት ናት። ‘የእኔ ልጅ እንኳ ብትሆን’ ብለህ አደራ ያልከኝ ግን አንተው ነህ። አምስት ዓመት ሙሉ ስንቱን እናት አስቀይሜበታለሁ።"

ደምሰው ወደ ዋሻው ዞሮ ተመለከተ። የላሜራው ጠርዝ የት ላይ እንደሚያልፍ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ሌላ አባት ቢሆን ይጣላ፣ ይለምን፣ ኃላፊ ጥሩልኝ ይል ነበር። እሱ የሚጣላው ሰው አጣ።

በዚህ መሐል ትርሲት ከረዘመው ቀሚሷ ሥር ጉልበቶቿን ቀስ አድርጋ አጠፈች። የቀሚሱ ጫፍ መሬት ነካ። አናቷ ከመስመሩ በታች ወረደ። ትንፋሿን ውጣ፣ ማንንም ሳታይ፣ እንዲያ እንደሆነች ቆመች።

"አሁንስ?" አለች።

እትዬ የሺመቤት ፊታቸውን አዞሩ። ደምሰው "ቀጥ በይ፣ ልጄ" አላት። ቀጥ አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የወንድሟን ሹራብ አወለቀችለትና "ይሞቅሃል፣ እኔ እይዝልሃለሁ" አለችው። ባቡሯ ተነሣች። ያፌት በዞረ ቁጥር "ትርሲት! ትርሲት!" እያለ ይጮሃል፤ እሷም በዞረ ቁጥር ሹራቡን እያውለበለበች ትመልስለታለች። አንድ ጠብታ እንባ አላፈሰሰችም።

"ምንም አይደለም፣ አባዬ" አለችው።

ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ይህ ቃል ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው የሚለው ቃል ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ ሲወጣ ያስፈራል።

ቀጥላም ወደ ግራ ጠቆመችና "ዥዋዥዌው ባዶ ነው። ና ግፋኝ" አለችው።

ሰምቷታል። አልሰማም እንዳንል ሰምቷታል። ግን ያን ጊዜ ልቡን ሌላ ሐሳብ ይዞታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ደምሰው ትልቅ ባቡር ሊሠራላት ቆርጦ ነበር። ለበዓል እንኳ ከኪሱ የማይለየውን ሜትር አወጣ።

"ቆይ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ።" ቁመቷን ለካ፤ ከወገቧ እስከ ጉልበቷ ለካ፤ የትከሻዋን ስፋት ለካ። በትኬቱ ጀርባ ጻፈው። "ለአንቺ ብቻ የሚሆን እሠራልሻለሁ። ዋሻውም ከፍ ያለ ይሆናል።"

"እሺ። ግን ዥዋዥዌው..."

"ቆይ አልኩሽ እኮ! እንዳትንቀሳቀሺ።"

ለክቶ ሲጨርስ ዥዋዥዌውን ሌሎች ልጆች ይዘውታል። ትንሽ ቆይቶ ካፊያ ጀመረ። ወደ ቤት ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ከተማ ያልተጠራበትን እሁድ ሁሉ ደምሰው ከጓሮው በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ዘግቶ ሠራ። ትርሲት መጥታ አጥሩን ስታንኳኳ "ቆይ፣ እስኪያልቅ አይታይም!" ይላታል። ሁለት ዓመት ያህል አንኳኳች። ከዚያ ተወችው። እሁድ እሁድ ያፌትን ይዛ ወደ ፓርኩ የምትወስደው እሷ ሆነች፤ ዥዋዥዌ ላይ ታስቀምጠውና ክንዷ እስኪዝል ትገፋዋለች። "ደግሞ አባዬን እንዳታስቸግረው" ብላ መክራዋለች፤ ልጁም አያስቸግርም። ደምሰው ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ቤቱ ጸጥ ማለቱን ሰላም መሰለው።

ባቡሩ በአምስተኛው ዓመት አለቀ። እውነቱን እንናገር፣ እንደዚያ ያለ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። መቀመጫው ጥጥ ተሞልቶበታል፤ በጎኑ የትርሲት ስም ተጽፏል። እንዳለፈው እንዳይሆን ደግሞ ልጅ እንደሚያድግ አስቦ ለቁመቷ ሦስት ስንዝር ትርፍ ትቷል። አጥሩን ከፍቶ ጠራት።

ትርሲት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከጓደኞቿ ጋር ልትወጣ ለብሳ ጨርሳለች። ባቡሩን አየች፤ አባቷን አየች፤ የተቃጠሉ ጣቶቹንና በብየዳ ብርሃን የቀሉ ዓይኖቹን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና ተቀመጠች። ደምሰው ሞተሩን አስነሣ። ባቡሩ ጓሮውን ዞረ፣ ከፍ ባለው ዋሻ ውስጥ ገባ፣ ወጣ። ትርሲት አልጮኸችም። ትልቅ ሰው ስጦታ ሲሰጥ ይፈገግለታል አይደል? እንደዚያ ፈገግ ብላ ዞረችና ወረደች።

"እንዴት ነው?" አላት።

"በጣም ያምራል፣ አባዬ። እጅህ ይባረክ።"

ይህን ምርቃት ከደንበኞቹ ሁሉ ሰምቶታል። ከልጁ ሲሰማው ግን የፉርጎውን ጫፍ ያዘ።

"አንድ ዙር ልድገምሽ?"

"ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ስትፈልጊው የኖርሽው ባቡር እኮ ነው፣ ትርሲት!"

ቆም አለች። ቁጣ የለባትም፤ ቁጣ ቢኖራት ተስፋ ነበረው። "አባዬ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ዥዋዥዌ ግፋኝ ነው ያልኩህ።"

"አሁን እንሂድ! አሁኑኑ ልግፋሽ!" ብሎ ጓንቱን ወርውሮ ተነሣ።

ትርሲት ጉንጩን ሳመችው። "አሁንማ እግሬ መሬት ይነካል" አለች። "ራሴን እገፋለሁ።"

የጓሮው በር ተዘጋ። ደምሰው ባቡሩ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ መቀመጫው ለእሱም ይበቃ ነበር። ሞተሩን ግን አላስነሣውም። ያ ባቡር ከዚያ ቀን በኋላ ዞሮ አያውቅም ይባላል፤ ዛሬ ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሏል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የዚህ ሰው የመጀመሪያ ጥፋት ነገ ማለቱ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናጠፋለን። የከፋው ግን ሁለተኛው ነው። ያጎደለውን በዓል ሊክስ እሁዶቿን ወሰደባት፤ ልጅቷ የለመነችው እጁን ሆኖ ሳለ የእጁን ሥራ ሰጣት። ልጅ የሰጠነውን ቃል ሲጠብቅ ማደጉን አያቆምም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ያለፈ ልጅነትም ምንም ያህል ብረት ቢበየድ አይመለስም።

እናንተስ ዛሬ "ቆይ" ያላችሁት ልጅ፣ እስከ መስመሩ ስንት ስንዝር ቀርቶታል?