በመሪው ውስጥ የተደበቀው ጮማ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት መኪና መንዳት በለመዱበት ዘመን፣ በአህያ ጋራዥ ተቀጥሮ የሚሠራ አንድ ጅብ ነበር። ጅብ ለአህያ ማደሩን ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር። እሱ ግን ግድ የለውም፤ አህያ በየማለዳው አጥንት ትሰጠዋለች፣ እሱም ጎማ ይሸከምላታል፣ የዛገ ብሎን ይፈታላታል።

ከዕለታት በአንዱ ማለዳ አንበሳ መኪናውን እየነዳ መጣ።

«እመት አህያ፣ ክላክሱ አልጮህ ብሏል። ዳሽቦርዱ ላይም ቀይ መብራት በርቶ ቀረ። ዛሬ ልጄን እድራለሁና ድረሽልኝ» አላት።

አህያ መሪውን ቀስ ብላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞረችው። ከሥሩ አንዳች ነገር ተንኳኳ።

«ከመሪው ሥር እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ ክላክሱም፣ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ነጂውን የሚያድነው ኤርባጉም የሚሠሩት በእሱ ነው። ተልጧል፣ እቀይረዋለሁ» አለች።

አንበሳ ሊያርፍ ወደ ዛፉ ጥላ ሄደ። አህያም የባትሪውን ገመድ ፈታችና ወደ ጅብ ዞረች።

«አያ ጅቦ፣ አዲሱን ሽቦ ከመጋዘን ላምጣ። እስክመለስ መሪውን እንዳትነካ!»

ለምን እንደሆነ ሳትነግረው እየተጣደፈች ወጣች።

ይህን ጊዜ ሁሉን ስታደምጥ የቆየች ቀበሮ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። ከመንገዱ ማዶ የራሷ ጋራዥ አላት፤ አንበሳ እሷን አልፎ አህያ ዘንድ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ግን ቅናት እንቅልፍ ነስቷታል።

«አያ ጅቦ፣ በመሪው መሃል ምን እንዳለ ነገረችህ?»

«ኧረ አልነገረችኝም።»

«እንዴት ብላ ትነግርሃለች! እዚያ ውስጥ የታጠፈ ከረጢት አለ። አንበሳ ለሠርጉ ያዘጋጀውን ጮማ የደበቀው በእሱ ነው። አትንካ ያለችህ ብቻዋን ልትበላው ነው።»

ጅብ ምራቁ ተዝረበረበ። ጮማ በመሪ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ አልጠየቀም፤ ሆዱ ቀድሞ አምኗል። በጥፍሩ ክዳኑን ፈልቅቆ ወደ ውስጥ አጮለቀ።

«ጨለማ ነው፤ ሽቦ እንጂ ጮማ አይታየኝም» አለ።

«የባትሪውን ገመድ መልሰህ ግጠመዋ! የመኪናው መብራት ያሳይሃል።»

ጅብ ገመዱን ገጠመ። ቀበሮም የሚሆነው እንዳያመልጣት አንገቷን በመስኮቱ አስገባች። ጅብ አፉን ከፍቶ ጮማ የመሰለውን ቢጫ ሽቦ ነከሰ።

ጓ!

ነጭ ከረጢት ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ ተነፋና አፍንጫውን መታው። ጅብ በተከፈተው በር ተወርውሮ አፈሩ ላይ በጀርባው ተዘረረ። ምን እንደመታው አላወቀም። ሰማይ የተደረመሰ መሰለው። ጆሮው ጭው አለ፣ አፉ ደም ደም አለው፤ በምላሱ ቢፈልግ ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም።

አህያ እየሮጠች መጣች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ድምፅዋን ግን አይሰማም። አንበሳ መንጋጋውን ከፍቶ ሲያገሳ አየ፤ ያም ግሳት አልተሰማውም። ቀበሮ ደግሞ ከዳር ቆማ በእጇ አህያን ታሳያለች። ቀስ በቀስ ጆሮው ተከፈተ።

«ገመዱን ሳትፈታ የሄደችው እሷ ናት! እኔ ገና አሁን መድረሴ ነው» ትላለች ቀበሮ።

የአንበሳ ጥፍር ወደ አህያ ተነሣ። አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ጅብ ይህን ሲያይ ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃት ያዘው፤ አጥንት የምታበላው እሷ ናት፣ ልትሞት የደረሰችውም በእሱ ሆዳምነት ነው።

«ጌታዬ፣ እሷ ፈትታዋለች! መልሼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ቀበሮ ጮማ አለ አለችኝ» አለ በደማ አፉ።

«ውሸታም!» አለች ቀበሮ።

አንበሳ ግን ፊቷን ትኩር ብሎ አየው። ከረጢቱ ሲፈነዳ የበተነው ነጭ ብናኝ ከጆሮዋ እስከ ጢሟ እንደ ዱቄት ተለጥፎባታል።

«አሁን ከደረስሽ ይህን ማን ነሰነሰብሽ?» አላት።

ቀበሮ ጢሟን ብትዳብስ መዳፏ ነጣ። መኪናው ስለተበላሸ አንበሳ በእግሩ ወደ ሠርጉ ሄደ፤ በመኪናው የጫነውን ጥሎሽ ሁሉ ቀበሮ ለቅጣት ተሸክማ ተከተለችው።

አህያ ከጅቡ አጠገብ ተቀመጠች። «ገድዬህ ነበር» አለችው። «አትንካ አልኩህ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩህም።»

አዲስ ኤርባግ በተገኘ ጊዜ ሥራውን አብረው ሠሩ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው አቆሙ። አህያ ገመዱን ፈትታ ሩብ ሰዓት ጠበቀች።

«ገመዱ ከተፈታ ምን ያስጠብቀናል?» አለ ጅብ።

«ገመዱ ቢፈታም የተጠራቀመ ኃይል ውስጡ ይቆያል።»

አዲሱን ሽቦ ጥቅልሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል እንዲዞር መሃሉን ጠብቃ አስገባች። ጅብም ኤርባጉን የሚፈነዳውን ፊቱን ከደረቱ አርቆ ተሸከመ፤ ጠረጴዛው ላይም ክዳኑን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። በቦታው ከገጠሙት በኋላ ገመዱን መለሱ፤ ቀዩ መብራት ጠፋ፣ ክላክሱም ጮኸ። ጅብ ከድንጋጤው የተነሣ ከአጥሩ ውጭ ተገኘ።

ከዚህ የምንማረው «አትንካ» ያለንን አዋቂ ምክንያቱን እሱኑ መጠየቅ እንጂ ከምቀኛ አፍ ምክንያት መዋስ እንደሌለብን ነው።