ሑመድን ያተረፈው ስድብ

ባሕሩ ያው ባሕር፣ ሰዉ ግን ሌላ ሰው በነበረበት በዚያ በጥንት ዘመን፣ ገሐሬ በምትባል የቀይ ባሕር ዳር መንደር ሞሚና የምትባል ውሃ ቀጂ ነበረች። ከመንደሩ በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ ሦስት መድፎች አፋቸውን ወደ ባሕር አዙረው ተተክለው ነበር። ሞሚና ለመድፈኞቹ በአህያ ውሃ ታመላልሳለች። ባሏ ሑመድ ዓሣ ያጠምዳል።

የመድፍ ነገር እንዲህ ነው፤ ተኳሹ ያላየውን እሱም አይለይም። የበረሃው ነፋስ አሸዋ ሲያነሣ ደግሞ የወዳጅም የጠላትም ጀልባ ጥላ ብቻ ነው። አንድ ቀን ማንነቱ ያልታወቀ ጀልባ ሁሉ ይመታ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሞሚና ሑመድን አሰበች። የመድፈኞቹን አለቃ ባሻ ደርሰህን፣ የእኛዎቹ እየዘፈኑ ይገባሉና ዘፈን ከሰማችሁ አትተኩሱ ብላ ለመነች። ባሻም እሺ አሉ።

ነፋሱ ተነሣ። አጥማጆቹ ጀልባቸውን ዓሣ ሞልተው እየዘፈኑ ገቡ። መድፉ ዝም አለ።

ነፋሱ ዳግመኛ ተነሣ። ያን ቀን ዓሣ አልተገኘም። በገሐሬ ደግሞ ባዶ መረብ ይዞ መዝፈን ነውር ነበርና አጥማጆቹ አፍረው፣ አፋቸውን ዘግተው መጡ። መድፉ ጎረሰ። ሞሚና አህያዋን ትታ ወደ ውሃው ሮጠች፤ ድምጿንም ለቀቀችው።

“ሑመድ መረብ ጥሎ አሸዋ አጠመደ፤
ዓሣው እየሳቀ በጎኑ ነጎደ።”

“አንቺ ሴት፣ ቤት እንገናኝ!” የሚል የሑመድ ድምፅ ከአሸዋው ውስጥ መጣ። ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ባሻም ሳቁ። መድፉ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሑመድ ለብቻው ወጥቶ ቀረ። መንደሩ ተስፋ ቆረጠ። ነፋሱ ሲነሣ አንድ ትልቅ፣ ከመንደሩ የማንም ያልሆነ ጀልባ በአሸዋው ውስጥ ብቅ አለ። መድፉ ጎረሰ። ሞሚና ያንኑ ስድብ ዘፈነች፤ መልስ የለም። ደግማ ዘፈነች፤ መልስ የለም።

“እመት ሞሚና፣ ከዚህ በላይ አልጠብቅም” አሉ ባሻ።

“ባሻ፣ አንዴ ብቻ።”

ለሦስተኛ ጊዜ ዘፈነች። ይሄኔ ከጀልባው ብዙ ባዕዳን በኮልታፋ አንደበት፣ ዜማውን እያጣመሙ፣ “ሁማድ ማራብ ጢሎ...” ብለው ተቀበሏት። የሑመድ ጀልባ ተሰብሮ እነሱ ከውሃ አውጥተውት ኖሯል። ጉሮሮው በጥም ተዘግቶ መዝፈን ቢያቅተው፣ መድፈኞቹ የሚያውቁትን ያን ስድቡን በሹክሹክታ አስጠንቷቸው ነበር። መድፉ ዝም አለ፤ ገሐሬ ግን እስኪነጋ ጨፈረች።

ዛሬ መድፎቹ ዝገዋል፤ ወፍ ይፈለፈልባቸዋል። በገሐሬ ግን መረቡ ባዶ የሆነ አጥማጅ በሑመድ ስም ፈንታ የራሱን ስም አግብቶ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ እየዘፈነ ይገባል። የቀረ ሰው ሲጠበቅም፣ “ዓሣው ይቅር፣ ድምፅህ ይምጣ” ይባላል።