ለሁለት የተቀደደው የእድር ድንኳን

እዚህ ኮምቦልቻ፣ እኛ ሰፈር፣ ወንድማማቾች ርስት ለመካፈል ሽማግሌ ሲያስቀምጡ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። የዛሬ ልጆች ከጥንት አባቶች የወረስናት ይመስላቸዋል። ጥንት አይደለችም። ስትወለድ እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ መነሻዋም የገዛ አባቴ ነው።

የተወለድኩት አሰብ ነው። አባቴ አሰጋኸኝ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር። በእድራችን የወሎም፣ የሐማሴንም፣ የጉራጌም፣ የአፋርም ሰው ነበረበት፤ ሞት ዘር ስለማይጠይቅ እድሩም አይጠይቅም። ድንኳኑን ከወፍራም ሸራ የሰፉት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሼህ እንድሪስ ነበሩ። ሁለቱን ክፋይ ጀርባው ላይ በሰማያዊ ክር ስላጋጠሙት ከሩቅ ይታወቃል።

በሰማንያ ሦስት አገር ለሁለት ሆነ። እኛ ሂያጅ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ፍስሐጽዮንና ቤተሰባቸው ቀሪ ሆንን። ማን እንደሚሄድ ማን እንደሚቀር እኛን የጠየቀን የለም። መኪና ሳይመጣልን እድሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰበና ንብረቱን ተካፈለ። ድስቱ ለሁለት፣ አግዳሚው ለሁለት፣ ሳህኑም ለሁለት ሆነ። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ግን አንድ ብቻ ሆነባቸው።

አቶ ፍስሐጽዮን አልተቸገሩም። እኛ በቤታችን ነን፣ ከጎረቤት እድር እንዋሳለን፤ እናንተ የት እንደምትወድቁ እንኳ አታውቁትምና ሙሉውን ውሰዱት አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይጠቀልለው ነበር። አባቴ ግን ውለታ ከሚሸከም ጆንያ ሙሉ ጨው ቢሸከም የሚመርጥ ሰው ነው። በዚያ ላይ ከኖረበት ቤት ሊወጣ ነውና ሆድ ብሶታል።

«ምጽዋት ይዞ ሄደ አልባልም፣ ጋሽ ፍስሐ» አለ። «ድርሻዬን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያው ለእኛ ተወው።»

«እሱንም አላደርገውም። ሁሉ ነገር ለሁለት ሲሆን ሸራው ምን ልዩ አደረገው?»

የአቶ ፍስሐጽዮን ሚስት ወይዘሮ ለተብርሃን አያቴ አጠገብ ተቀምጠው እጇን ይዘዋል። የአያቴ ዓይን ከደከመ ወዲህ ጸጉሯን የሚሠሩላት እሳቸው ነበሩ፤ ከልጆቿ በላይ ልጅ ሆነውላታል። አቶ ፍስሐጽዮን ሁለቱን ሴቶች አየት አደረጉና ወደ አባቴ ተመለሱ።

«ልብህ ከሚቀየመኝስ ሸራው ይቀደድ» አሉ።

ሼህ እንድሪስ መቀስ አነሱ። ከዚያ የራሳቸውን ስፌት ተከትለው ድንኳኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለያዩት። አባቴ ግማሹን ጠቅልሎ፣ መኪናው ላይ ትራስ አድርጎት ተኝቶ መጣ። መብቱን ያስከበረ ሰው እንቅልፍ አይነሳውም።

ኮምቦልቻ ዳር፣ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አሰፈሩን። ሼህ እንድሪስም አብረውን ነበሩ። በዓመቱ፣ በነሐሴ፣ አያቴ አረፈች። በሕመሟ ሁሉ ለተብርሃንን ጥሩልኝ፣ ጸጉሬን ትሥራልኝ ትል ነበር። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ እናቱ ተፈናቅላ ብትሞትም እንደ ተፈናቃይ እንዳትለቀስ። የአገሩን እድር ገና አልገባንም፤ ስለዚህ ያንኑ ግማሽ ድንኳን ዘረጋ።

ባንድ ጎኑ ብቻ የወረደ ሸራ ድንኳን አይሆንም። ዝናቡ ክፍቱን በኩል መርጦ መጣ። ለቀስተኛው እየተገፋፋ ወደ ውስጥ ተጠጋ፤ ያልበቃው ውጭ ቆሞ በሰበሰ፤ አንዳንዱም እያፈረ ወደ ቤቱ ሄደ። ሐዘንተኛ ተቀምጦ ነው የሚጽናናው። አባቴ ግን ካፖርቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ ክፍቱን ሊጋርድ ሲሞክር ቆሞ ሰነበተ። እንባ እንኳ አልወጣውም፤ በሸራው ተይዞ እናቱን ማልቀስ አልቻለም።

በሰልስቱ ዕለት ከአሰብ ጭኖ የሚመጣ መኪና ለቅሶውን አይቶ መንገዱ ዳር ቆመ። ሾፌሩ ባይሳ አባቴን ከወደብ ያውቀዋል። ነፍስ ይማር ብሎ ሲገባ ዓይኑ ሸራው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለው ሰማያዊ ክር ላይ አረፈ።

«የዚህን ግማሽ ባለፈው ወር አሰብ ተዘርግቶ አይቼዋለሁ» አለ።

አባቴ ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቀው።

«ወይዘሮ ለተብርሃን።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ባይሳ ቀስ ብሎ ነገረን። የጎረቤት እድሮች ሰው ስለሄደባቸው ፈርሰዋል፤ የሚዋሱት ድንኳን አላገኙም። ግማሹ ሸራ ጠዋት ጠዋት ደህና ጥላ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን የአሰብ ፀሐይ በክፍቱ በኩል ሲገባ ለቀስተኛው ተነስቶ ወደ ግድግዳ ጥላ ሸሸ። አቶ ፍስሐጽዮን ሐዘንተኛ ናቸውና ቦታቸውን አልለቀቁም፤ ነጠላ ራሳቸው ላይ ጥለው ፀሐዩ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ።

«ወይዘሮ ለተብርሃን በሕይወት ሳሉ ባገኙኝ ቁጥር» አለ ባይሳ፣ «የአሰጋኸኝ እናት ጸጉራቸውን ማን ይሠራላቸዋል ይሉኝ ነበር። እኔ የት እንደሰፈራችሁ አላውቅ፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

አባቴ ካፖርቱን ለቀቀው። ዝናቡ ላይ ቁጭ አለና ለእናቱ ያላለቀሰውን ለሁለቱም አንድ ላይ አለቀሰ። ሴቶቹም ለቅሶውን እንደ አዲስ አነሱት። ጋብ ሲል ሼህ እንድሪስን ቀና ብሎ አያቸው።

«ሙሉውን ውሰድ ብለውኝ ነበር እኮ» አለ።

ሼህ እንድሪስ ሊወቅሱት አልፈለጉም። የተፈታውን ስፌት በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ዝግ ብለው፣ «ድንኳን ቢካፈሉ፣ ለአንዱ ፀሐይ ለአንዱ ዝናብ ደረሰ» አሉ።