የጌራወርቅ መንጋጋ እንደ ተፈታ

የኪዳነ ምሕረት ወዳጆች ሆይ፣ ልባችሁን ሰብስባችሁ ስሙ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ቂም ለያዘ ሰው ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለን።

በአንዲት የደጋ ከተማ ጌራወርቅ የሚባል ሰው ነበረ። በጎልማሳነቱ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምር ነበር፤ በኋላ ግን ከፍርድ ቤት ደጃፍ በላስቲክ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው አቤቱታ እየጻፈ ይኖር ነበር። ዘወትር ጎሕ ሲቀድ ይነሣና ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳያደርስ እህል አይቀምስም ነበር፤ ቢታመምም፣ እንግዳ ቢመጣበትም ይህን ብፅዓቱን አላጓደለም።

ከማስተማር የወጣውም ተበድሎ ነው። የአንድ ባለሥልጣን ልጅ የወደቀበትን የፈተና ውጤት አልለውጥም ባለ ጊዜ፣ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ወሰንየለህ «ፈተና ሸጧል» ብሎ ፈረመበትና ያለ ምስክር ተባረረ። ባልንጀሮቹም እውነቱን እያወቁ አንገታቸውን ደፉ፤ የተማረ ሰው ሲፈራ ከማንም ይልቅ አሳምሮ ይፈራልና፣ ለፍርሃቱም ምክንያት አያጣለትምና። በዚያም ቀን ጌራወርቅ ከግቢው ሲወጣ በበሩ ላይ ቆሞ «ኪዳነ ምሕረትን፣ ይህን በር ዳግመኛ አልረግጥም» ብሎ ማለ።

ከብዙ ዘመንም በኋላ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ታመመ። መጀመሪያ ቅርንፉድ ነከሰበት፣ ከዚያም በጨው ውኃ ተጉመጠመጠ፣ ከዚያም ጉንጩ አብጦ ዓይኑን እስኪጋርደው ድረስ ቻለው። ወደ አንድ የግል ክሊኒክም ሄደና ሐኪሙ አይቶ «እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ዛሬ ነገ አይባልም» አለው። ዋጋውን ሲሰማ ግን ከአቅሙ በላይ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋም «አባቴ፣ አረፍ ብለው ያስቡበት» አለችው፤ እርሱም «ልጄ፣ ቆሜም ተቀምጬም ያው ነው» ብሏት ወጣ።

ጎረቤቱ እትዬ ብርነሽም ፊቱን አይታ «ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች አሉ፤ መምህራቸው እያያቸው በጥቂት ብር ያክማሉ። የኔን እዚያ ነው የነቀሉልኝ። ምነው አትሄድ?» አለችው።

«ምያለሁ» አላት።

«በማን?»

«በኪዳነ ምሕረት።»

«እንግዲያ በሷ ስም ልትሞትባት ነው» አለችው፤ «ምን በደለችህ?»

የንስሐ አባቱ አባ ኅሩይም ይህን ሰምተው መጡና «ልጄ፣ በንዴት የተማለ ነው፤ ስግደት ልስጥህና ልፍታህ» አሉት፤ እርሱ ግን «ስሟን አላስነቅፍም» ብሎ እምቢ አላቸው። እንዲህ ይበል እንጂ፣ ያን በር ከረገጠ ያባረሩት ሰዎች ዳግመኛ የሚያሸንፉት ይመስለው ነበር። ከዚያም መንጋጋው ተቆለፈና እህል ማላመጥ አልቻለም፤ ውዳሴዋንም በከንፈሩ ብቻ የሚያንሾካሽክ ሆነ፤ እብጠቱም ወደ አንገቱ መውረድ ጀመረ።

የኪዳነ ምሕረት በዓል በዋለበት ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ትኩሳት አድክሞት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተደግፎ ተቀመጠና በቀትር ሸለብ አደረገው። እነሆም ብርሃን የለበሰች ሴት መጥታ፣ እናት ከታመመ ልጇ አጠገብ እንደምትቀመጥ ከአጠገቡ ተቀመጠችና «ጌራወርቅ፣ ስሜን ምን አደረግኸው?» አለችው። እርሱም በሕልሙ አፉ ተፈትቶ «እመቤቴ፣ ጠበቅሁት» አላት። እርሷም «አልጠበቅኸውም፤ ለቂምህ ዘበኛ አድርገህ በር ላይ አቆምኸው። የተበደልኸውን አውቀዋለሁ፣ በልጄም ፊት አልተረሳም። አንተ ግን ተነሥተህ ሂድ» ብላው ተሰወረች።

ነቅቶም ወደ አባ ኅሩይ ሄደና በእጁ እያመለከተ ከእግራቸው ወደቀ፤ እርሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው ከመሐላው ፈቱትና በዚያው ሰዓት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ። ከበሩም ሲደርስ ዘበኛው ኪሱን ዳብሶ «እለፍ» አለው፤ ሌላ ምንም አልሆነም።

በሕክምናው ክፍልም ትርሲት የምትባል ተማሪ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና «አባቴ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለችው፤ ቢታገልም መንጋጋው አልላወስ አለ። መምህሯም መጥቶ ሞከረና «በዚህ ሁኔታ እኛ ጋ አይሆንም፤ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ይሂዱ። ውጭ ይጠብቁ፣ ሪፈር እንጽፍልዎታለን» አለው። ጌራወርቅም ለዚያ የሚሆን አቅም እንደሌለው ያውቅ ነበርና፣ ሞቱን እንደ ተረከበ ሰው ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

በዚያም ጉንጩን በሻሽ ያሰረ አንድ ሽማግሌ ተራ ይጠብቅ ነበር፤ እርሱም ዶክተር ወሰንየለህ ነበረ። አፍጥጦም አየውና «ጌራወርቅ አይደለህም?» አለው። ጌራወርቅም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እዚህ እንገናኛለን ብዬ አላሰብሁም» አለ ሽማግሌው። «ጡረታዬ ለግል ሐኪም አይበቃ፣ ምን ላድርግ? ስፈርምብህ ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ለወንበሬ ፈርቼ ነው። ወንበሩንም ብዙ አላቆዩልኝም። የምትለኝ ካለህ በል፣ እሰማለሁ።»

ጌራወርቅ ለዚህ ቀን የሚሆን ቃል ለዓመታት ሲስል ኖሯል፤ የሰውን ሁሉ አቤቱታ ሲጽፍ የራሱን በልቡ ያረቅቅ ነበርና። አሁን ግን ሊራገም ቢል መንጋጋው እንደ ብረት ያዘው፤ ዳግመኛም ቢሞክር ሕመሙ እስከ ጆሮው ወጋው። ወደ ሽማግሌውም ቢመለከት ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ያቃስት ነበር፤ ያንን ሕመም ጌራወርቅ በሥጋው ያውቀዋል። በልቡም «እመቤቴ፣ እኔስ አልችልም፤ አንቺ አስችዪኝ» አለና፣ ማንም ሰው ለማንም ሕመምተኛ የሚለውን ለማለት ሞከረ፤ በዚያችም ቅጽበት መንጋጋው ቀጭ ብሎ ተፈታና «እግዚአብሔር ይማርህ» አለው። መግሉም ፈርጦ በነጠላው ላይ ፈሰሰ፤ ትንፋሹም ሰፋለት።

ትርሲትም ሮጣ መጥታ አስገባችውና፣ መድኃኒት ወግታ ካደነዘዘችው በኋላ መምህሯ እያያት ጥርሱን ነቀለችለት። መምህሩም «እንዲህ የተቆለፈ መንጋጋ አግዳሚ ላይ ሲፈታ አላየሁም» ብሎ አደነቀ፤ ጌራወርቅም የከፈለው አቅሙ የቻለውን ነው። ቀጥሎም ዶክተር ወሰንየለህ ገባና ታከመ።

የተባረረበት ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ የዚህ ዓለም ወንበር ሲበድል እንጂ ሲክስ አይፈጥንምና። ጌራወርቅ ግን ቍስሉ በዳነ ጊዜ በሕዝቡ መካከል ቆሞ ይህን ሁሉ ተናገረ፤ የሰሙትም እልል አሉ፣ እግዚአብሔርንም አመሰገኑ፣ የእመቤታችንንም ምልጃ አደነቁ።

ሐኪም ለራቀበት ሐኪም፣ ዳኛ ለታጣበት ዳኛ የሆነች እመቤታችን በልጇ ፊት ትቁምልን፤ ይህን የጻፈውን፣ ያነበበውንና የሰማችሁትን ሁላችሁን ከሥጋ ሕመምና ከሐሰተኛ ፊርማ ትሰውር፤ የተበደላችሁትን ትካሳችሁ፣ የበደላችሁትን ለንስሐ ታብቃችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።