የእማዋይሽ ጣሪያ

እማዋይሽ ማሰሮውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ለገዢዋ አሰማች። ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ገዢዋ ጎንበስ ብላ ያነሣችው ያን ጊዜ ነው። በእኛ አገር ሸክላ ከሠሪዋ እጅ አይቀበሉም ነበር። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል ይባል ነበር።

«ፊትሽን ወደ ዋርካው አዙሪ እንጂ! በቅሎዬን አይተሽ ልትጨርሻት ነው?» አለ አይሸሽም፣ የገበያው ቀልደኛ።

ገበያተኛው በሳቅ አውካካ። እማዋይሽ ፊቷን ወደ ዋርካው አዞረች።

ዛሬ እድራችን ስለ ዘር ማጥፋት ለመማማር በሚሰበሰብበት ቀን፣ አንዱ በሌላው ወገን ላይ ቀልድ ቢጤ ሲጀምር፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጣል የሚያደርጋት አጭር አባባል አለች። ልጆቹ እንዲሁ ቤት ስለምትመታ ብቻ ይወዷታል። እኔ ግን ከየት እንደመጣች፣ መጀመሪያ ከተናገሯት ከጎረቤታችን ከአያ ጓዴ ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።

አይሸሽም በእማዋይሽ በቀለደባት ቅዳሜ አያ ጓዴ ገበያው ውስጥ ነበሩ። ከሳቁትም አንዱ ናቸው። «ቀልዱ ደግሞ ያስቅ ነበር፤ አልዋሽህም» ብለውኛል።

እኔ ነፍስ ሳውቅ እማዋይሽ አርጅታ ነበር። የቅዳሜ ገበያ ሲነሣ ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ የሚመጣው ያ የሸክላዋ ድምፅ ነው። አሁን እዚያ ዋርካ ሥር የሚሸጠው የፕላስቲክ ጄሪካን ነው፤ ቢመቱትም አይዘፍንም።

ያ ቀልድ በተነገረበት ዓመት ኅዳር ላይ ኩፍኝ ገባ። በአንድ ሳምንት አምስት ሕፃናት ተቀበሩ። ቅዳሜ ለሳቅ የተነገረው ማክሰኞ ለቅሶ ቤት ውስጥ ያለ ሳቅ ተደገመ። «ዓይናቸው ነው» አለ አንዱ። «ዓይናቸው ነው» አለ ሌላው። ረቡዕ ማለዳ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ሰዉ ችቦ ይዞ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ወረደ። ዘጠኝ ቤት ነበሩ።

አያ ጓዴ ችቦ አልያዙም። ምን እንደሚሆን ለማየት ነው የተከተሉት።

ስምንቱ ቤቶች ተራ በተራ ነደዱ። ባለቤቶቹ ወደ ወንዙ ሸሹ። እማዋይሽ ብቻ ከደጃፏ አልተነቃነቀችም።

«እናቴ ውስጥ ናት! መነሣት አትችልም! የሰው ያለህ!» እያለች ትጮሃለች።

ማንም አልቀረበም። ችቦ ተወረወረና የጣሪያዋ ጥግ ተያያዘ። በዚህ መካከል የአያ ጓዴ ሚስት አንጓች ውሃ ከቀዳችበት፣ እንስራዋን እንዳዘለች ደረሰች። ባሏን ከእማዋይሽ ጎረቤት ቤት ቃጠሎ ፊት ቆመው አገኘቻቸው።

«ጓዴ፣ ሞቀህ?» አለቻቸው።

አያ ጓዴ ወደ ታች ተመለከቱ። ሁለቱም እጆቻቸው፣ መዳፋቸው ተከፍቶ፣ ወደ እሳቱ ተዘርግተዋል። «መቼ እንደዘረጋኋቸው አላውቅም። ብርድ ነበር፣ እሳት ነበር፣ እጄ ሄደ» አሉኝ።

አንጓች ግማሹን ውሃ ጋቢያቸው ላይ፣ ግማሹን በራሷ ላይ ደፋችና ወደ እማዋይሽ ቤት ገባች። አያ ጓዴም ተከትለዋት ገቡ። አሮጊቷን በጋቢው ጠቅልለው ተሸክመው ወጡ። አንጓች ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ችቦ የቀረው ካለ ይምጣ! እኔንም ጨምሮ ያቃጥል!»

ያን ጊዜ ሰዉ አንድ በአንድ ፊቱን መለሰ። ይሁን እንጂ ወንዙ ዳር የተያዙት አራት ሰዎች ተገድለው ነበር። የተቀበሩበትን ቦታ አያ ጓዴ ወስደው አሳይተውኛል። ከስምንቱ ቤት የተረፉት ተሻግረው ሄዱ፤ የተመለሰ የለም።

በሦስተኛው ቀን አያ ጓዴ ሣር አጭደው የእማዋይሽን ጣሪያ ሊከድኑ ወጡ። አንጓች ከታች ታቀብላለች። ቀስ በቀስ አምስት ስድስት ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ እሱም ማቀበል ጀመረ። እማዋይሽ ከአጥሩ አጠገብ ጭቃ ታቦካለች። ወደ ከሰዓት አይሸሽም በቅሎውን እየሳበ አለፈ።

«አያ ጓዴ! የቡዳ ቤት ትከድናለህ? ጅብ ሆና ስትጋልብህ ‹አይሸሽም ድረስልኝ› እንዳትል!»

ከታች ካሉት አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሌላው አፉን በእጁ ሸፈነ። እማዋይሽ እንደለመደችው ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

አያ ጓዴ የጉልላቱን የመጨረሻ እስር ሣር አስተካከሉ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ጠምጥመው ቋጠሩ፣ ትርፉን በማጭዱ ቆረጡ። ከዚያ በመሰላሉ ወረዱና ማጭዱን ከግድግዳው ሥር አስቀመጡ። አይሸሽምን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። የተመለከቱት ሣር የሚያቀብሉትን ነው።

«እሱን ተዉት፤ የምነግረው ለእናንተ ነው፣ በገዛ እጄ አይቼዋለሁና፦ ሲሰድቡ የሳቀ፣ ሲያቃጥሉ ሞቀ።»