የበቅሎዋ ወርቅ

ፊታውራሪ ወንዳፍራሽ አንድ ቀን ባለቅኔ ነኝ ብለው ተነሡ። አቤቱታ ሊሰሙ በተቀመጡበት አደባባይ፣ የሰዉን ጉዳይ ሁሉ አስቁመው እንዲህ አሉ፦

«በቅሎዬ ገብስ በልታ፣ ውሃ ጠጥታ ጠገበች፤
ወደ ሰማይ አይታ፣ አንዴ አስነጠሰች።»

ጢማቸውን እያሻሹም፣ «ሰሙንስ ማንም ይሰማዋል፤ ወርቁን ንገሩኝ! የተሸሸገው ፍሬ ነገር ምንድን ነው?» አሉ።

መሪጌታው ብድግ ብለው፣ «በቅሎዋ ነፍስ ናት፤ ማስነጠሷም ትንሣኤ ሙታን ነው» አሉ። ዳኛው ደግሞ፣ «የለም፣ ገብሱ ፍትሕ ነው» ብለው ተከራከሩ። ፊታውራሪ ለሁሉም፣ «እሱም አለበት! እሱም አለበት!» ይላሉ።

ከኋላ የቆመች አንዲት ባልቴት አንጀቷ አሯል። የመጣችው ፊታውራሪ፣ «ማሳዬን ረገጠ» ብለው የነጠቋትን አንድ በሬዋን ልታስመልስ ነው። እርሻዋ ጦም ሊያድር ነው፤ እዚህ በቅሎ ታስነጥሳለች! ሳታስበው ሳቋ አመለጣት።

«አንቺ! ምን ያስቅሻል?» አሉ ፊታውራሪ። «በይ ወርቁን አውጪ! ካገኘሽው በሬሽን ውሰጂ፤ ካጣሽው ግን ጥጃሽም ትከተለዋለች።»

«ጌታዬ፣ ወርቅ የለበትም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ኧረ በእርስዎ ነው ያወቅኩት! የእኔን ከሲታ በሬ አልለቅም ያሉ ጌታ፣ ወርቅ ቢኖርበት ኖሮ እንዲህ ሜዳ ላይ ይበትኑት ነበር?»