ሚስማር ያለው ማሰሪያ

ተረት አለኝ፤ «አምጪው» በሉኝ።

አያ በግ ደጁን የሚጠብቅለት ጉልበተኛ ጎረምሳ ውሻ ነበረው። ውሻው የአያ በግን ልጅ፣ ግልገሏን፣ ባየ ቁጥር በደስታ እየዘለለባት ይጥላት ስለነበር፣ አያ በግ የአንገት ማሰሪያ ሊመርጥለት ሄደ።

«እኔ ቀስ ብዬ አስተምረዋለሁ» አለ ከቆዳ የተሠራው የጠፍር ማሰሪያ።

«ጎረምሳ በልመና ይሰማል እንዴ? እኔ መዝለሉን ቶሎ አስተወዋለሁ!» አለ ሚስማሩ ወደ ውስጥ የዞረው ማሰሪያ።

አያ በግ ባለ ሚስማሩን አሰረለት። ውሻው ወደ ግልገሏ በሮጠ ቁጥር የታሰረበት ገመድ እየሳበው ሚስማሩ አንገቱን ሲወጋው፣ መዝለሉን ተወ።

አያ በግም «ጨዋ ሆነልኝ» ብሎ ማሰሪያውን ፈታለት። ግልገሏ እየቦረቀች ስትመጣ ግን ውሻው ጥርሱን አገጠጠባት።

«ወንድምዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«አትቅረቢኝ! ወደ አንቺ በመጣሁ ቁጥር አንገቴን ስትወጊኝ ከረምሽ!»

አያ በግ ግልገሏን ወደ ኋላ ሳባት። ማሰሪያው ከወደቀበት ሆኖ፣ «ታዲያስ አያ በግ፣ መዝለሉን አልተወልህም?» አለው።

ተረቴ አለቀ፤ ጆሯችሁ ይባረክ።